ሲያትልን ማን ሠራት? አንድ ጥያቄና የተከተሉት 34 ምላሾች

በሲያትል የምንኖር ሐበሾች ስለ ከተማዋ ታሪክ ስንጫወት ከቦይንግ እንጀምራለን፤ ልጆቻችን ደግሞ ከማይክሮሶፍትና ከአማዞን። ከዚያ በፊት የነበረው ዝናብና ጫካ ብቻ ይመስለናል። ይህ ስለሚያሳስበኝ በኢንተርኔት መድረካችን ላይ አንድ የውይይት ክር ከፈትኩ። ያቀረብኩት ሐሳብ አጭር ነው፦ ሲያትልን ያቆሟት ሰዎች ብዙዎቹ፣ ከተማዋ በጉልበታቸው ከተጠቀመች በኋላ ከመካከሏ ያስወጣቻቸው ናቸው።

ለመነሻ ያህል ጥቂት ነገር ጠቀስኩ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኖቬምበር 13 ቀን 1851 ነጭ ሰፋሪዎቹ የዴኒ ቤተሰብና ባልንጀሮቹ፣ 10 አዋቂዎችና 12 ልጆች፣ አልካይ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ከመርከብ ሲወርዱ የጠበቃቸው ጣሪያው ያልተከደነ ጎጆና በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ የኖረ ሕዝብ ነበር። ከተማዋ የተጠራችው በአባቱ ሱኳሚሽ፣ በእናቱ ዱዋሚሽ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች በሆነው በአለቃ ሲያትል ስም ነው። ጃንዩወሪ 22 ቀን 1855 ነባሮቹ ሕዝቦች መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት የለቀቁበት የፖይንት ኤሊየት ውል ሲፈረም ከነባሮቹ አለቆች ቀድሞ ምልክቱን ያኖረው እሱ ነበር። 10 ዓመት ቆይቶ፣ በ1865፣ በስሙ የምትጠራው ከተማ ወገኖቹ በክልሏ ውስጥ እንዳይኖሩ ደንብ አወጣች። ቀጥሎ የቻይናውያን፣ ቀጥሎ የጃፓናውያን ተራ ደረሰ። እኛ ኢትዮጵያውያንስ በዚህ ሰልፍ ውስጥ የቱ ጋ ነን? ጥያቄዬ ይኸው ነበር።

ክሩ ከተዘጋ በኋላ ብዙ ሰው ምን እንደተባባልን በውስጥ መልእክት ስለጠየቀኝ፣ ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል እተርካለሁ።

ምላሽ 1 የአንድ አባት ነው። በሱዳን አቋርጠው፣ የ1980ው የስደተኞች ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ እዚህ ከገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ናቸው። አመስግነው፣ መርቀውኝ፣ ታክሲ ሲነዱ የየስለርን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱበትና ስሙ የማን እንደሆነ ጠይቀው እንደማያውቁ ጻፉ። ከዚያ በትሕትና አንድ ነገር ጠየቁ፤ ነባሮቹ ሰዎች ከተማዋን በጉልበታቸው አቆሙ ስል በየትኛው ሥራ ማለቴ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

እኔ ሳልደርስ ምላሽ 2 ቀደመኝ። በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ነው፤ ጋሼ እያለ በአክብሮት አስረዳቸው። ሄንሪ የስለር በ1853 በእንፋሎት የሚሠራ የእንጨት መሰንጠቂያ ሲያቆም ከሠራተኞቹ መካከል ብዙ የነባሩ ሕዝብ ሰዎች እንደነበሩ፣ የከተማዋም የመጀመሪያ ገንዘብ ከዚያ ጣውላ እንደመጣ ነገራቸው። ሳልመን የሚባለውን ዓሣ፣ ክላም የሚባለውን ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳና ድንቹን ለሰፋሪዎቹ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው፤ ሰውና ዕቃ በታንኳቸው ያመላልሳሉ፤ ሴቶቹ ልብስ ያጥባሉ፣ ቅርጫት ይሸጣሉ። መንገድ ባልነበረበት ዘመን ታንኳ ማለት መጓጓዣው ሁሉ ማለት እንደነበር አሳሰበ። በመጨረሻ ስለ ሕፃኑ ሮላንድ ዴኒ ጻፈ። የሁለት ወር ገደማ ልጅ ነበር፤ እናቱ ታማ ጡቷ ደርቆባታል፤ የአገሬው ሴቶች የክላም መረቅ እንድታጠጣው መከሯት፤ ልጁም በዚያ ተረፈ።

ምላሽ 3 አጭር ነው፤ የጻፈችው ነርስ ናት። ያ ሕፃን እስከ 1939 እንደኖረ አንብባ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከተማዋ ከጥቂት ጎጆዎች ተነሥታ ፎቅ በፎቅ መሆኗን ስታስብ እንደደነገጠች ጻፈች። መረቁን ያስተማሩት ሴቶች የልጅ ልጆች በዚያው ዕድሜ ውስጥ የት እንደደረሱም ጠየቀች። ከክሩ ሁሉ ጥሩው ጥያቄ ይህ ነበር እላለሁ።

ምላሽ 4 ግን ወዲያው ወደ ሌላ ወሰደን። አንድ ወንድማችን አለቃ ሲያትል ለአሜሪካ ፕሬዚደንት ጻፈው የሚባለውን ደብዳቤ ረጅም ክፍል ለጥፎ፣ ስለ ምድር ከዚህ የበለጠ የተናገረ ሰው እንደሌለ አስታወቀ። ምላሽ 5 በጣም ቆጣ ብሎ መጣ። ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ የተነገረው ንግግር እንደሆነና እሱም በ1854 በአካባቢው ነባር ሕዝብ ቋንቋ በሉሹትሲድ መነገሩን፣ ሄንሪ ስሚዝ የተባለ ሐኪም በጋዜጣ ያወጣው ከ33 ዓመት በኋላ በ1887 መሆኑን፣ ሁላችን የምናውቀው ስለ ምድር የሚለው ቃል ደግሞ በ1970ዎቹ መባቻ ለፊልም ተብሎ እንደተጻፈ ዘረዘረ። በደብዳቤው ውስጥ የሚሞተው ጎሽ የሜዳ እንስሳ ነው፤ ሲያትል ባለችበት የባሕር ሰላጤ፣ በፑጀት ሳውንድ ዳርቻ የሚኖር ሰው ስለ ጎሽ እልቂት አይቼ አለቀስኩ አይልም። ምላሽ 6 ቅር የተሰኘው የምላሽ 4 ጸሐፊ ነው፤ ቃሉ የማንም ይሁን የማን፣ እውነት እስከሆነ ድረስ ምን ይጎዳል ባይ ነው። ምላሽ 7 ማስረጃ የማያጣራ ሰው ታሪክ ባያወራ ይሻላል እስከማለት ደረሰ፤ ይህን ያህል መሄድ አልነበረበትም።

በነገሩ ግን ከምላሽ 5 ጋር ነኝ። ሰውዬው በእርግጥ የጠየቀው ነገር አለና። የ1855ቱ ውል ከተፈረመ በኋላ ዋና ከተማው ዋሺንግተን ዲሲ ላይ ሳይጸድቅ አራት ዓመት ቆየ። በ1858 አለቃ ሲያትል ለመንግሥት ወኪል ወረቀቱ ለምን እንዳልተመለሰ፣ ሕዝቡ መሬቱን ሰጥቶ ባዶ እጁን እየተራበ እንደሆነ አቤት ብሏል። ይህ አቤቱታ የወፍና የወንዝ ግጥም የለበትም፤ የውል ጉዳይ ነው። ያላለውን ውብ ነገር በአፉ ስናኖርለት ያለውን እንረሳለን።

ምላሽ 8 የአንድ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ኑሮው ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው በሬንተን ነው። የ1865ቱን ደንብ ቁጥር 5 አብራራ። ደንቡ ነባሮቹ በከተማዋ እንዳይኖሩ ሲከለክል አንድ ቀዳዳ ትቷል፤ የሚያሠራቸው ነጭ ቀጣሪ ካለና ማደሪያ ከሰጣቸው ይፈቀዳል። ጉልበቱ ይፈለጋል፣ ሰውየው አይፈለግም። በተከታዩ ዓመት፣ በ1866፣ ለዱዋሚሾች በጥቁር ወንዝ አጠገብ የራሳቸው መኖሪያ ክልል ሊሰጥ ነው ሲባል የከተማዋ ታላላቆች ፈርመው ተቃወሙ። ከፈራሚዎቹ አንዱ የስለር ነው፤ የአለቃው ወዳጅ የሚባለውና ከተማዋ በአለቃው ስም እንድትጠራ ሐሳብ ያቀረበው ዶክተር ሜናርድም ከመካከላቸው አለበት። ክልሉ ቀረ፤ ዱዋሚሾች እስከዛሬ የራሳቸው ክልል የላቸውም።

ይኸው ሰው ስለ ወንዙ የጻፈውን ማሳጠር አልወድም። ጥቁር ወንዝ ከዋሺንግተን ሐይቅ ወጥቶ አሁን ሬንተን በሆነው ቦታ ያልፍ ነበር፤ በዳሩ የዱዋሚሽ መንደሮች ነበሩ። በ1916 ሐይቁ በቦይ ከባሕሩ ጋር ሲገናኝ የሐይቁ ውኃ ወደ 3 ሜትር ገደማ ወረደ። ወንዙ ምንጩን አጥቶ ደረቀ። ዓሣው ቀረ፣ ታንኳ መሄጃ አጣ። የመርከብ ማሳለፊያው ኬላ በ1917 በታላቅ በዓል ተመረቀ፤ ዛሬ እንግዳ ሲመጣብን ሳልመን ሲዘል እንዲያይ የምንወስደው ባላርድ ወዳለው ወደዚሁ ኬላ ነው። ከተማዋ ያደገችበትን ሥራና አንድ ሕዝብ የሚኖርበት ወንዝ የጠፋበትን ሥራ አንድ ቀን ለይተን ማክበር አንችልም፤ አንድ ሥራ ነው።

ምላሽ 9 ላይ የምላሽ 1 አባት ተመለሱ። በ1850 የወጣው የመሬት ሕግ ለአንድ ባልና ሚስት እስከ 640 ኤከር በነጻ ይሰጥ እንደነበር ሲያነቡ ወደ ጋሻ መለሱት፤ ከ6 ጋሻ በላይ ሆነባቸው። ከዚያም ቀኑን አስተያዩ። የመሬት ሕጉ 1850፣ ውሉ 1855። ባለቤቱ ሳይለቅ መሬቱ እንደታደለ እንዲህ በሁለት ቁጥር አሳዩን። በአገራችን የጋሻ መሬትን ነገር የሚያውቅ ትውልድ ይህን በቶሎ ይረዳል።

ምላሽ 10 ክሩን አሞቀው። አንድ የቤት ሻጭ ወንድማችን ነገሩ ሁሉ የዓለም ሥርዓት እንደሆነ፣ ብርቱ እየገፋ ደካማ እየተገፋ ከተማ እንደሚያድግ፣ እኛ ግን ማንንም ሳንገፋ በላባችንና በባንክ ብድር ቤት እንደገዛን፣ የሌላ ሰው ዕዳ ልንሸከም እንደማይገባ በድፍረት ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። ሐሳቡ በየቤታችን ስላለ በግልጽ መውጣቱ ጠቀመን።

መልሱ በምላሽ 11 መጣ። የጻፈችው በቻይናውያን ሰፈር የምትሠራ እህት ናት። ከ1860 ጀምሮ ቻይናውያን እዚህ እንደነበሩ፣ ዋ ቾንግ የሚባለው የንግድ ቤት ከ1868 ጀምሮ ዕቃ እየሸጠ ሠራተኛም እያቀረበ መንገድና ሐዲድ እንዳሠራ ተረከች። እነሱም ማንንም አልገፉም፤ በላባቸው ነው የኖሩት፤ ይሁን እንጂ አልጠቀማቸውም። የ1882ቱ ሕግ የቻይና ሠራተኛ እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ ፌብሩወሪ 7 ቀን 1886፣ እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሁከተኛ ቡድን ከቤት ቤት እየዞረ 350 ያህል ቻይናውያንን ዕቃቸውን አስይዞ ወደ ወደቡ ነዳቸው። ብዙዎቹ በመርከብ ተጫኑ። በማግስቱ ጥይት ተተኮሰ፣ ሰው ሞተ፣ ወታደር ገባ። ከተማዋ ግን አልቆመችም፤ በ1880 ሕዝቧ 3,533 ነበር፣ በ1890 42,837 ሆነ። በላብ መኖር ዋስትና እንዳልሆነ እንድናይ ነው ይህን ያነሣችው፤ ቃሏ ትንሽ ሻካራ ቢሆንም ሐሳቧ ቀጥ ያለ ነው።

ምላሽ 12 ነገሩን ውስብስብ አደረገው፤ ደግ አደረገ። በሴፕቴምበር 1885 ዛሬ ኢሳኳ በምንለው ሸለቆ የቢራ ጌሾ (ሆፕስ) ሊለቅሙ የመጡ ቻይናውያን በድንኳናቸው ተኝተው ሳለ ተኩስ ተከፍቶባቸው ሦስቱ ሞቱ። ተኳሾቹ ነጮች ብቻ አልነበሩም፤ ከነባሩ ሕዝብ ወገን የሆኑም አብረው ነበሩ። የተከሰሱትም ነጻ ተባሉ። ምላሽ 13 ይህን ይዞ፣ እንግዲያው የተገፋ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፣ ምላሽ 10 ልክ ነው አለ።

እኔ ከዚያ የማነበው ሌላ ነው። ጌሾ ለቀማ በዚያ ዘመን ለነባሮቹ ዋነኛ የገንዘብ ሥራ ሆኖ ነበር። ከየደሴቱና ከየሰሜኑ በታንኳ መጥተው፣ ከተማ ውስጥ ማደር ስለማይፈቀድላቸው መርከቦች የሚያራግፉት ድንጋይና አፈር በተከመረበት፣ ባላስት ደሴት በሚባለው የወደብ ጥግ ድንኳን ይተክሉ ነበር። ዓሣውና መሬቱ ከተወሰደ በኋላ የቀረላቸውን የቀን ሥራ ባለ እርሻው በርካሽ ለሌላ ሲሰጠው ቁጣው ባለ እርሻው ላይ ሳይሆን ከእነሱ በባሰው ላይ አረፈ። ገዳዮቹን አያነጻም። ግን የተገፋው ሰው ሌላውን እንዲገፋ የሚያደርገውን አሠራር ያሳያል፤ እኛም ልንጠነቀቅለት የሚገባው ይህን ነው።

ከምላሽ 14 እስከ 17 ከርእሱ ወጣን። አንዱ በፓዮኒር አደባባይ ያለውን የተቀረጸ ምሰሶ አሥር ሰው ለሠርግ ፎቶ እንደሚጠቀምበት ጠቅሶ የዱዋሚሾች ሥራ እንደሆነ ጻፈ። ሌላው አረመው፤ የመጀመሪያው ምሰሶ በ1899 ወደ አላስካ የሄዱ የሲያትል ነጋዴዎች ከትሊንጊቶች መንደር ቆርጠው የወሰዱት ነው፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ እንዲህ ያለ ምሰሶ የማቆም ልማድ አልነበረውም፤ በ1938 በእሳት ሲጎዳ በምትኩ የትሊንጊት ቀራጮች የሠሩት ቆመ። የቀሩት ሁለቱ ሬኒየር መንገድ ላይ ፓርኪንግ ስለመጥፋቱና ስለ ጤፍ ዋጋ ተነጋገሩ።

ምላሽ 18 መለሰን። በጃፓኖች አሮጌ ሰፈር ያለውን የፓናማ ሆቴል ያየች እህት ናት። ሆቴሉ በ1910 ተሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942፣ ፕሬዚደንት ሩዝቬልት ባወጡት ትእዛዝ ጃፓናውያን ቤታቸውን ጥለው ሲሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ሻንጣና ሳጥናቸውን እዚያ ምድር ቤት አስቀመጡ፤ ብዙዎቹ ተመልሰው አልወሰዱትም። ከፎቁ ወለል ላይ በመስታወት ቁልቁል ይታያል። ምላሽ 19 ከዚህ ቀጥሎ፣ በ1907 የተከፈተው የፓይክ ፕሌስ ገበያ ከጦርነቱ በፊት ከመደቦቹ ከግማሽ በላይ የጃፓን ገበሬዎች እንደነበሩ ነገረን። አትክልቱን ያመረቱበትን መሬት ግን በስማቸው መያዝ አይችሉም ነበር፤ የዋሺንግተን ክፍለ ግዛት በ1921 ከልክሏቸዋል። ከሲያትል ወደ 7,000 ያህል ሰው መጀመሪያ ወደ ፑያለፕ የባዛር ሜዳ፣ ከዚያ በኢዳሆ ክፍለ ግዛት ወዳለው የሚኒዶካ ማጎሪያ ካምፕ ተጋዘ። አብዛኞቹ ልጆች እዚሁ የተወለዱ ዜጎች ናቸው።

ምላሽ 20 ከሁሉ ረጅሙ ነው፤ እኚያው አባት ናቸው። ጃፓኖቹ በወጡበት በጃክሰን መንገድ ዙሪያ ማን እንደገባ ነገሩን። ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፤ ለጦርነቱ ሥራ ከደቡብ መጡ። በ1940 በሲያትል 3,789 ነበሩ፣ በ1950 15,666 ሆኑ። ቦይንግ ሥራ ሰጣቸው፤ ቤት ግን በፈለጉበት መከራየት አይችሉም። ባንኩ አያበድርም፣ በብዙ ሰፈር የቤቱ ውል ራሱ ከነጭ ሌላ እንዳይገዛ ይከለክላል። ስለዚህ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ተጠጋግተው ኖሩ። በ1964 ይህን አድልዎ የሚከለክል ሐሳብ ለከተማዋ ሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ተሸነፈ፤ የከተማው ምክር ቤት ያጸደቀው በ1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አባታችን እዚህ ሲደርሱ እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ የብድር ታሪክ የሌላቸው፣ ሥራቸው የሌሊት ነበር። ወረቀት ሳይጠይቁ ቤት ያከራዩአቸው አንዲት ጥቁር እናት ናቸው። ለቼሪ መንገድ የሐበሻ ንግድ ቤቶች መነሻ የሆነው እንዲህ ያለው በር ነው ብለው ያምናሉ። እኚያ እናት ቤታቸውን ሸጠው ከከተማ ከወጡ ቆይተዋል።

ምላሽ 21 እዚሁ የተወለደች ወጣት ጻፈችው። በ1970 አካባቢ በሴንትራል ዲስትሪክት ከ10 ሰው 7ቱ ጥቁር እንደነበር፣ ዛሬ ጥቂት እንደቀሩ፣ የእኛም ሰው ኪራዩ ሲጨምር ከቼሪ ወደ ሬኒየር፣ ከሬኒየር ወደ ሬንተንና ኬንት እየሸሸ እንደሆነ አስታወሰች። ለጥያቄዬ በቀጥታ የመለሰችው እሷ ናት፤ ሰልፉ ውስጥ ነን ብላ ደመደመች።

ምላሽ 22 በጣም አሳመመን። ጸሐፊው በዚያ ሰፈር ያደገ ሐበሻ ነው። ያከራዩንን ጥቁሮች ስንቶቻችን በቤታችን ውስጥ በክፉ ስም እንደጠራን፣ ልጆቻችን ከእነሱ ጋር እንዳይጫወቱ እንዳልን፣ አሁን ደግሞ በእነሱ ትግል የተከፈተውን በር እንደ ራሳችን ጉብዝና እንደምንቆጥር ያለ ማለዘቢያ ጻፈ። ምላሽ 23 ስድብ ብሎ ተቆጣ፤ ወላጆቻችንን አታዋርድ የሚል ነው። አወያዩ በምላሽ 24 ሁለቱንም አስጠነቀቀ። በምላሽ 25 አባታችን በሁለት መስመር አረጋጉት፤ ልጁ እውነቱን ነው፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ዝምም ብያለሁ የሚል ፍሬ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ምላሽ 26 የአዲስ አበባን ጉዳይ አነሣ፤ በዚያስ ነባሩ ማነው፣ መጤው ማነው የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ክብደቱም ይገባኛል። ሆኖም በሁለት ቀን ውስጥ ሲያትል ተረስታ እርስ በርስ የምንጣላበት ይሆን ነበር። አወያዩ በምላሽ 27 ለብቻው ክር እንዲከፈትለት አዘዘ፤ ትክክል አደረገ።

ምላሽ 28 በዚህች ከተማ ተባረው የማይቀሩም እንዳሉ አሳየን። በማርች 1970 በርኒ ኋይትቤር የመራቸው የነባሩ ሕዝብ ወጣቶች መንግሥት ሊለቀው የነበረውን የፎርት ሎተን ጦር ሰፈር አጥሩን ዘለው ያዙት። ታሰሩ፣ ተመለሱ፣ በመጨረሻ ድርድር መጣ። ዛሬ በዲስከቨሪ ፓርክ ውስጥ ያለው ዴይብሬክ ስታር የባህል ማእከል የተከፈተው በ1977 ነው። ጸሐፊው ያደመቀው ወዳጅነቱን ነው፤ ኋይትቤር፣ ፊሊፒናዊው ቦብ ሳንቶስ፣ ጥቁሩ ላሪ ጎሴት፣ ላቲኖው ሮቤርቶ ማስታስ አራት ሆነው አንዱ በተነሣበት ሰልፍ ሌሎቹ ይቆሙ ነበር። በ1972 ማስታስ በቢከን ሂል የተዘጋ ትምህርት ቤት ይዞ ሲቀመጥም እንዲሁ ነበር። የኮሚዩኒቲ ማእከላችንን ያቋቋሙት አባቶች የደረሱት እነዚህ ሰዎች ከተማዋን መስማት ካስተማሯት በኋላ ነው።

ከዚያ ምን እናድርግ የሚለው መጣ። ምላሽ 29 ለዱዋሚሾች በየወሩ በፈቃድ የሚከፈል ኪራይ መሰል መዋጮ እንዳለ ጠቅሶ ሁላችን እንድንመዘገብ ጋበዘ። ምላሽ 30 ቆም እንድንል ጠየቀ። ዱዋሚሾች በፌዴራል መንግሥቱ ዕውቅና የላቸውም፤ በጃንዩወሪ 2001 ክሊንተን ሊወርዱ ቀናት ሲቀሩ ተሰጣቸው፣ ቡሽ ሲመጡ በዚያው ዓመት ተሻረ፣ በ2015 እንደገና ተከለከሉ። ከሚጠመደው ዓሣ ግማሹ የነባሩ ሕዝብ ድርሻ እንዲሆን የወሰነው የ1974ቱ የዳኛ ቦልድት ፍርድም ለእነሱ አልደረሰም። ነገር ግን የሱኳሚሽ፣ የመክልሹትና የቱላሊፕ ሕዝቦች ዕውቅናውን ይቃወማሉ፤ ብዙ የዱዋሚሽ ዘሮች በእኛ ውስጥ ናቸው፣ ውሉን የምንወርሰው እኛ ነን ይላሉ። ምላሽ 31 እኛ ማን ሆነን እንፈርዳለን፣ ስም ከመስጠትና ከመክፈል በፊት ሁለቱንም እንስማ ባይ ነው። ምላሽ 32 ይህን የመሸሻ ሰበብ ብሎ ጠራው። እኔ ከምላሽ 31 ጋር ብሆንም የ32ን ስጋት እጋራለሁ፤ እንስማ እያሉ ዓመታት ማሳለፍ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው።

በምላሽ 33 የምላሽ 10 ጸሐፊ ተመለሰ። አቋሙን አልቀየረም። ያለፈው አልፏል፣ ልጆቻችን የሚያስፈልጋቸው ቤትና ዲግሪ ነው፣ ታሪኩን ማወቅ ኪራይ አይቀንስም ብሎ ጻፈ። አልስማማም። ሬኒየር መንገድ ላይ ለአረጋውያን መኖሪያ እንዲሠራ የታገሉ የማኅበረሰባችን ሰዎች በየስብሰባው የሚቀርብላቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ለምን እዚሁ ሰፈር የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ማን ከየት፣ በምን ሕግ እንደተነቀለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምላሽ 34 የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከልጆቹ ጋር በሁለት ቅዳሜ ሁለት ቦታ ለመሄድ አቅዳለች፤ አንዱ በዱዋሚሽ ወንዝ አጠገብ በ2009 የተከፈተው የዱዋሚሾች የጋራ ቤት፣ ሌላው በመርከብ ወደ ቤይንብሪጅ ተሻግሮ በመኪና የሚደረስበት ሱኳሚሽ፣ የአለቃ ሲያትል መቃብር ያለበት። መኪና ያላቸው ወላጆች እንዲመዘገቡላትና ከ1980ዎቹ የቼሪ መንገድ ፎቶ ያለው ሰው ከፎቶው ጀርባ ስምና ቀን ጽፎ እንዲያመጣላት ጠይቃለች። ወረቀቱ በኮሚዩኒቲ ማእከሉ መግቢያ ላይ ተለጥፏል።